መኪናውን ማን መረጠው? ፍጥነቱንስ?

አዲስ አበባ፣ አብነት፣ ከቀላል ባቡሩ ጣቢያ አጠገብ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና የሚመለከት ሰው ቶሎ የሚታየው የቶዮታ ብዛት ነው። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ። ሚኒባስ ታክሲውም ዶልፊን ወይም አባዱላ ነው፣ ያው ቶዮታ። «የእኛ ሰው ቶዮታ ይወዳል» ይባላል። ትንሽ ቆይቶም «የእኛ ሰው ፍጥነት ይወዳል» ይከተላል። ታክሲ ውስጥም ሬዲዮ ላይም ለዓመታት ሲነሳ ሲወድቅ የኖረው ይህ ክርክር ሁሉንም ነገር በባህል ያሳብባል። ባህል የለበትም አልልም፤ ግን ከባህል በፊት የሚጠየቁ ሌሎች አሉ።

የመጀመሪያው ታክስ ነው። በ1995 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቤት መኪናን በሞተሩ መጠን ለሦስት ከፈለው። እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ 100 በመቶ። ይህ ከጉምሩክ ቀረጥ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ጋር ሲደራረብ ገዢው ገና ቀለም ሳይመርጥ መኪናው ተመርጦለት ያድር ነበር። ቪትዝ በአብዛኛው 1,000 ወይም 1,300 ሲሲ ነው። ለዓመታት አዲስ አበባን የሞላው ቅርጹ ስላማረ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ከአብነት ብዙም አይርቅም፤ መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ። ለቶዮታ የማይገኝ ዕቃ የለም፣ ኦሪጅናሉም፣ ቅያሪውም፣ ከየት እንደመጣ የማይጠየቀውም። ባለመኪናው ስፖኪዮው ላይ የታርጋ ቁጥር የሚያስቀርጸው ለዚህ ነው፤ ዛሬ የተነቀለ ስፖኪዮ ነገ ገበያ ላይ እንደሚወጣ ያውቃል። ዕቃው ያለበት መኪና ይሸጣል፤ የሚሸጥ መኪና ደግሞ እዚህ አገር ቁጠባ ነው። ብር በወደቀ ቁጥር አሮጌ መኪና ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ አገር መኪና ከሻጩ ግቢ እንደወጣ ዋጋው ይወርዳል። ገዢው የደላላውን «ሞተሩ ያልተከፈተ» አምኖ ሊብሬ ሲያገላብጥ በሐሳቡ መንዳቱን ብቻ ሳይሆን መልሶ መሸጡንም እያሰላ ነው።

የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገሉ መኪኖችን ክፉኛ መታ። ከሰባት ዓመት በላይ በሆናቸው ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። የተባለው ምክንያት ጭሱና አደጋው ነበር። ወዲያው የታየው ግን አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች መወደዳቸው ነው። ከዚያ ጥር 2016 መጣ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ምክንያቱ ነዳጅ የሚበላው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ መብራቱ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ስሌቱ ከወጪ አንፃር አያስኬድም አይባልም። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ፤ እነሱ ገዢውን በታክስ ቅናሽ እያባበሉ ነው እዚያ የደረሱት። እኛ ዘንድ በሩ ተዘጋ። በአንድ በኩል ቅናሹም አለ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ነው፣ ተበትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ዜሮ። ግን ክፍለ ሀገር ወላጅ ያለው ሰው የኤሌክትሪክ ቢዋይዲ ሲገዛ የሚጠይቀው «ቻርጅ የት አገኛለሁ?» ነው። ሶማሌ ተራም ለዓመታት ያካበተው እውቀት ለባትሪ አይሠራለትም።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ ሕዝቡ ፍርዱን በቅጽል ስም ሰጥቷል። ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙ «አልቃይዳ»። ቀልድ ነው፣ ግን ቀብር የዋለ ሰው ቀልድ። የጫት አይሱዙ የሚበረው ሹፌሩ ሞት ስለናቀ አይደለም፤ ጫት በየሰዓቱ ዋጋ ይጥላል፣ የሚከፈለው ደግሞ ትኩስ ለደረሰው ነው። ሚኒባሱም እንዲሁ። ሹፌሩ ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ለእሱና ለረዳቱ የሚተርፈው ከዚያ በላይ የተገኘው ነው። አብነት ላይ አንድ ተሳፋሪ ለማንሳት ሁለት ታክሲ ጎን ለጎን ሲገፋፋ የሚታየው ያ ሒሳብ ነው። ይህን አሠራር ሳይነኩ ሹፌሩን ስለ ሥነ ምግባር መምከር ጉንጭ ማልፋት ነው።

ነጻነት የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ይገባል። ጀርመን ውስጥ አውቶባን ላይ እስከ ዛሬ አጠቃላይ የፍጥነት ወሰን የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የአሽከርካሪዎች ማኅበሩ አዳክ «ነጻ መንገድ ለነጻ ዜጋ» ብሎ የተነሳው ያንን ለማስጠበቅ ነበር። አሜሪካ በዚያው ዓመት፣ በነዳጅ ቀውሱ ጊዜ፣ በመላ አገሪቱ በሰዓት 55 ማይል ወሰን አወጣች፤ ክርክሩ ሃያ ዓመት ዘልቆ እ.ኤ.አ. በ1995 ተሻረ። በሁለቱም ቦታ ተከራካሪዎቹ ሹፌርና መንግሥት ናቸው። እኛ ደግሞ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዘን ያለን መኪና 1.2 ሚሊዮን ያህል ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ወገን አለ፣ በእግሩ የሚሄደው፤ ቁጥሩም ይበልጣል።

በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ 4 በመቶ እንደሚጨምር ይናገራል። ከአዲስ አበባ አዳማ በሚወስደው የክፍያ መንገድ 120 መንዳት ይቻላል፤ እግረኛ የለበትምና ያስኬዳል። ችግሩ ያ ስሜት ከተማ ውስጥ ሲከተል ነው። ቀለበት መንገድ ሲሠራ ሰፈር ለሁለት ተከፈለ፣ ሰው ደረጃ ከመውጣት አጥር መዝለል ለመደ፤ ጥፋተኛ የተባለው ግን ዘላዩ ነው። ኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲመቱ ታዩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተር ሳይክል ከከተማው ታገደ፤ የተሰጠው ምክንያት ዘረፋ ነበር። የአንዱን ተሽከርካሪ እንቅስቃሴ በአንድ ማስታወቂያ ማቆም እንደሚቻል ያኔ ታይቷል፤ በሌሎቹ ላይ የፍጥነት ወሰን ለማስከበር ግን እጅ ያጥራል።

አሁን ደግሞ ነገሩን የሚቀይር መኪና መጥቷል። ኤሌክትሪኩ ዝም ብሎ ይመጣል፤ ሲነሳም ከቪትዝ ይልቅ ይፈጥናል። አብነት ላይ ግራ ቀኝ ሳያይ ጆሮውን አምኖ የሚሻገር ሰው ሙሉ ነው። አውሮፓ ኅብረት ለአዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ግዴታ ካደረገ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ዘንድ ስለ መኪናው መግባት ብዙ ሲነገር ስለዚህ የሚነሳው ጥቂት ነው። ሚኒባሱም ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ የነዳጁ ወጪ ይቀልለታል፤ የዕለት ገቢው ግን እንደነበረ ከቀረ ሹፌሩ ያተረፈውን ደቂቃ ለሌላ ምልልስ ነው የሚያውለው።