የክረምቱ ውኃ፣ የምሽቱ መብራትና የኃይል ጎተራ ጥያቄ

ሰው ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው ረጅም ትግል ከተጐናጸፋቸው ድሎች አንዱ የዛሬን ትርፍ ለነገ ችግር ማዋሉ ነው። ገበሬው ጎተራ የሠራው እህል በየዕለቱ ስለማይታጨድ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይልም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። እንዲያውም በተመረተበት ቅጽበት ሥራ ላይ መዋል ያለበት ምርት በመሆኑ፣ «ጎተራው የት ነው?» የሚለው ጉዳይ ለአዲስ አበባ ሠርቶ አደርና ለየሠፈሩ ማኅበርተኛ ዐቢይ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው ከአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው የሚገኘው ከውኃ ነው። ወንዞቻችንን የሚሞላው ዝናብ በአብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ ፋብሪካው፣ ባቡሩና ምጣዱ ግን ኃይል የሚጠይቁት ዓመቱን ሙሉ ነው። በምርት ወቅትና በፍጆታ ወቅት መካከል ያለውን ይህን መሠረታዊ ቅራኔ የሚፈታው ግድቡ ነው። ስለሆነም ግድብ ውኃ ማገጃ ግንብ ብቻ ሳይሆን የኃይል ጎተራ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቆቃ 43 ሜጋዋት ያመነጨው ውኃ ወደ ታች ወርዶ በአዋሽ ሁለትና በአዋሽ ሦስት ጣቢያዎች እንደገና እየተሠራበት በየጣቢያው 32 ሜጋዋት እንዲሰጥ ተደርጓል። አንድ ውኃ ሦስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን በላይኛው ተፋሰስ ያሉት ኮረብታዎች በመራቆታቸው፣ ጎርፍ ያወረደው ደለል ውኃ ሊይዝ ይገባው ከነበረው የሐይቁ ቦታ ቀላል የማይባል ክፍል ወስዷል። ጎተራውን የሚበላው ነቀዝ ደለል ነው። ችግኝ የሚተክልና እርከን የሚሠራ ገበሬም፣ ሳይታወቅለት፣ የከተማው የኃይል ሠራተኛ ነው።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጊቤ ሦስት ሐይቅ ውኃው ስለቀነሰ፣ መብራት በፈረቃ ማዳረስ ግድ ሆኖ ነበር። ተርባይን ቢበዛም ጎተራው ካልሞላ ዋጋ እንደሌለው ያን ጊዜ በተጨባጭ ተረዳን።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅምና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ ይዞ ሲመጣ፣ የክረምትና የበጋው ጥያቄ በእጅጉ ቀለለ። ይሁንና የሰዓቱና የርቀቱ ጥያቄ አሁንም አለ። የአባይ ኃይል ወደ እኛ የሚደርሰው በዴዴሳ በኩል ሆለታ በሚገባው ባለ 500 ኪሎቮልት መስመር ነው። መስመሩ ወይም ማከፋፈያው ሲታወክ፣ ሐይቁ እንደሞላ ከተማው ሊጨልም ይችላል። በመሆኑም ሁለተኛ ጎተራ በከተማው ደጃፍ ያስፈልጋል።

ይህ ጎተራ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ የሚተከል ትልቅ ባትሪ ሲሆን፣ ሌሊት ፍጆታ ሲቀንስ ተሞልቶ ማታ ይሰጣል። ሁለተኛው አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው የሚሠሩ ሁለት ኩሬዎች ናቸው፤ በትርፍ ኃይል ውኃው ወደ ላይ ይገፋል፣ በችግር ሰዓት ቁልቁል ተለቆ ተርባይን ያሽከረክራል። እርግጥ ነው፣ ሁለቱም አደራ ጠባቂዎች ቀለባቸውን ይቆርጣሉ፤ ኩሬዎቹ ከተቀበሉት 100 እጅ የሚመልሱት ከ70 እስከ 80 እጅ ያህሉን ነው። ስለዚህ ማከማቸት ከብክነት ጋር አብሮ ሊኖር አይችልም።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። 3 ኪሎዋት ተኩል የሚወስድ አንድ የእንጀራ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ሲጋገርበት፣ 14 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ፣ ማለትም ወደ 70 በርሜል፣ ከ100 ሜትር ከፍታ መውረድ አለበት። እኛ ግን ብዙዎቻችን ምጣዳችንን የምንጥደው መብራቱ፣ ምድጃውና ቴሌቪዥኑ ሁሉ በሚሠራበት በምሽቱ ሰዓት ነው። ጋገራውን ወደ ሌላ ሰዓት ብናዛውረው የሚፈሰው ውኃ ያው ነው፤ ሽቦውና ትራንስፎርመሩ ግን ያርፋሉ። አንድ ጊዜ በጋለ ምጣድ ጎረቤታሞች ተራ በተራ ብንጋግር ደግሞ ለማሟሟቅ የሚባክነው ውኃ ራሱ ይተርፋል። የፋብሪካ ሠራተኞችም ከባድ ሞተሮች ከምሽቱ ሰዓት ውጭ የሚሠሩበትን ፈረቃ ሊያጠኑ ይገባል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ባትሪውንና ኩሬውን መሐንዲሶች ይሠሯቸዋል፤ ያለ እኛ ንቃት ግን ሁለቱም የሚያፈስ እንስራ ይሆናሉ። ጎተራውን በጋራ እንሙላ፣ በጋራም እንጠብቀው፤ በሐኪም ቤት የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የሚበራው መብራትና በእኛ ምጣድ ሥር የሚግለው ሽቦ ከአንድ ጎተራ የሚቀዱ ናቸውና።