አዲሱ ማጣሪያ እስኪደራጅ ዓሦቻችንን እንዴት እንጠብቃለን?

በቤተ መጻሕፍታችን መግቢያ ላለው የዓሣ ገንዳ ዘንድሮ አዲስ ማጣሪያ ተገዝቷል። «አሮጌው ለምን አይጣልም?» የሚል ጥያቄ ከብዙ ተማሪዎች ቀርቦልናል። መልሱ ቤታቸው ዓሣ የሚያኖሩ ወላጆችንም ይጠቅማል።

ማጣሪያ ሲባል ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት ይመስለናል። ዋናው ሥራው ግን በዓይን አይታይም። ዓሦች በተለይ በስንጥባቸው በኩል አሞኒያ ያስወጣሉ፤ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይፈጠራል። ይህ መርዝ ነው። በስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ አደገኛ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ እሱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይቀይሩታል። አዲስ ማጣሪያ እነዚህን ባክቴሪያዎች ይዞ አይመጣም፤ በበቂ መጠን እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ውኃው ጥርት ብሎ እየታየ ዓሦች የሚያልቁት በዚህ መካከል ነው።

የእኛዎቹ ምቡና የሚባሉ የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ናቸው። የሚስማማቸው ፒኤች ከ7 በላይ የሆነ ውኃ ነው፤ በእንዲህ ያለ ውኃ ደግሞ የአሞኒያ መርዛማነት ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱን ማጣሪያዎች ጎን ለጎን እናሠራለን። ቦታ የሌለው ሰው የአሮጌውን ስፖንጅ ሳይደርቅ አዲሱ ውስጥ ያስገባው። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ ማጠብ አይገባም፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ከገንዳው በባልዲ በተቀዳ ውኃ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

ምግብን በተመለከተ ትንንሾቹን ተማሪዎች አደራ እንላለን፤ ዓሣ እንደ በዓል በግ አይቀለብም! በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ። አዲስ ዓሣም ለጊዜው አይጨመርም።

ተረኞች በየሁለት ቀኑ ውኃውን ይመረምራሉ። አሞኒያም ሆነ ናይትራይት ከታየ የውኃው ሩብ ያህል ክሎሪኑ በተወገደለትና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውኃ ይቀየራል። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ቶሎ ቶሎ ከከፈቱ ግን የምርመራ ውጤት አይጠበቅም፤ ውኃው ወዲያው ይቀየር።

እዚህ ናይሮቢ መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፤ ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ያጥራቸዋል። በባትሪ የሚሠራው የአየር ፓምፕ ከገንዳው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ይገኛል። አሮጌው ማጣሪያ ከ6 ሳምንት በኋላ ይነሣል፤ ምርመራው ግን ከዚያም በኋላ አንድ ሳምንት ይቀጥላል።