«አዳካሚ» ወይስ «መግቻ»?

ለሕክምና ጽሑፍ አቻ ቃል በምንመርጥበት ጊዜ፣ ቃሉን የሚሰማው ሐኪሙ ብቻ አለመሆኑን ማሰብ ይገባናል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከናውኗል። የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለለት ሕመምተኛ የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት፤ ስለዚህ የመድኃኒቱ ስያሜ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

«ንቅለ ተከላ» የእርሻ ቃል ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ ገበሬ የጎመን ችግኝ ከመደብ ነቅሎ ሲተክል፣ ሥር የሰደደውን «ጸደቀ» ይለዋል። ይሁን እንጂ የተተከለው ኩላሊት ሲበላሽ «አልጸደቀም» ብንል ፍቺው ይጎድላል። መሬት ችግኝን አያጠቃም፤ የሰውነት መከላከያ ግን ባዕዱን ኩላሊት ለይቶ ያጠቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በቦስተን የተደረገው ንቅለ ተከላ ሊሳካ የቻለው ለጋሹና ተቀባዩ አንድ ዓይነት መንትዮች ስለነበሩ ነው። በዚህም ምክንያት «ሰውነቱ አልቀበል አለ» ከሚለው የሕዝብ አነጋገር «አለመቀበል» የሚለውን መርጠናል።

መከላከያው በገዛ አካሉ ላይ ሲነሣ የሚመጣውን ሕመም «ራስ አጥቂ» ማለት «ራስ ምታት»ን ያስታውሳል፤ «ገዛ አካል አጥቂ» ይሻላል። ጉዳት በሌለው ብናኝ ላይ ሲነሣ ግን «አለርጂ» እንዳለ ይቆይ፤ «መቆጣት» ለሌላ ፅንሰ ሐሳብ ተይዟልና።

ታዲያ መድኃኒቱ ምን ይባል? ፕሬድኒሶሎን ለሦስቱም ይታዘዛል። ሳይክሎስፖሪን ደግሞ ከኖርዌይ ደጋ አፈር ከተገኘ ሻጋታ የወጣ ነው፤ መከላከያን የመግታት ጠባዩ እ.ኤ.አ. በ1972 ታውቆ፣ በ1983 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። የሚሠራውም ቲ ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት በመግደል ሳይሆን፣ እንዲባዙ የሚያነሣሣቸውን መልእክት በማገድ ነው።

«አዳካሚ» ብንለው ሕመምተኛው «የሚያዳክመኝን ለምን እውጣለሁ?» ብሎ ሊተወው፣ ኩላሊቱንም ሊያጣ ይችላል። «ማጥፊያ» ከእውነቱ ይርቃል። እኛ «መከላከያ መግቻ» እንላለን፤ ፈረሰኛ ፈረሱን በልጓም ይገታል እንጂ አይገድለውም። የቃሉም አመሠራረት ከ«ማስታገሻ»ና ከ«ማደንዘዣ» ጋር ይስማማል። አደጋውንም አይሸፍንም፤ የተገታ መከላከያ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ላሉ ሕመሞች በር ይከፍታልና። ተርጓሚዎች ቃሉን ሲጠቀሙ ይህን ሁለት ገጽታውን አብረው እንዲያስረዱ እናሳስባለን።