የየቲም አደራ፦ ታማኝነት ብቻ ይበቃልን?

በቅርብ የምናውቀው አንድ ቤተሰብ አለ። አባት በድንገት ወደ አኺራ ሲሄዱ አንድ ሱቅ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብና ሦስት ልጆች ትተው ነበር። ከተዕዚያው በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሁሉንም ለልጆቹ አጎት አስረከቡ። አጎትዬው ጀመዓ የማያስታጉሉ፣ በሰፈሩ የተመሰገኑ ሰው ናቸው። ዓመታት አለፉና ትልቁ ልጅ 18 ሲሞላው ድርሻውን ጠየቀ። አጎት “ለትምህርት ከፍያለሁ፣ አልብሻለሁ፣ ሱቁም ከስሯል” አሉ። ልጁ ደግሞ የአጎቱ ቤት በእነዚያው ዓመታት ሲታደስ አይቷል። ማን ልክ እንደሆነ አናውቅም። ሽማግሌዎቹም ሊያውቁ አልቻሉም፤ አንዲት ወረቀት እንኳ አልተጻፈችምና። አሁን አጎትና የወንድም ልጅ ለዒድ እንኳ አይጠያየቁም።

ውድ አንባቢያን! ስለ የቲም ገንዘብ ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን በሱረቱ አን-ኒሳእ 10ኛ አንቀጽ ላይ፣ በግፍ ለሚበሉት የተነገረው የእሳት ዛቻ ነው። ነገር ግን ብዙ አድማጭ “እኔ አልበላሁም” ብሎ ልቡን አሳርፎ ይሄዳል። የአደራው ነገር ግን እዚያ ላይ አያበቃም።

እስቲ አቡ ዘር አል-ጊፋሪን (ረ.ዐ) እናስታውስ። በእውነተኛነትና በዱንያ ናቂነት እርሳቸውን የሚስተካከል ከየት ይገኛል? ሆኖም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእርሳቸው የሚወዱትን ለራሳቸው እንደሚወዱት ከገለጹላቸው በኋላ፣ በሁለት ሰዎች ላይ እንኳ እንዳይሾሙ፣ የየቲምን ገንዘብም እንዳይረከቡ መክረዋቸዋል። ምክንያቱ ክህደት አልነበረም። ለዚህ ሥራ ደካማ ሆነው ስለታዩ ነው። እንግዲያው ሽማግሌ ተሰብስቦ “ደግ ሰው ነው” በሚል ብቻ ሱቅና ልጅ ሲያስረክብ፣ ሒሳብ ይችላል ወይ? ጊዜስ አለው ወይ? ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

የዚያው ሱራ 6ኛ አንቀጽ ለባለ አደራው ሥራውን በዝርዝር ይነግረዋል። ልጁን ለአካለ መጠን እስኪደርስ ድረስ በገንዘብ አያያዝ ይፈትነዋል። ይህ እንግዲህ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ትንሽ ገንዘብ ሰጥቶ እንዴት እንደሚገዛና እንደሚሸጥ ማየት ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ልጁ የአባቱን ሱቅ ደብተር እንኳ ሳያይ ያድጋል። ሀብታም የሆነ ባለ አደራ ከገንዘቡ ይታቀባል፤ ድሃ የሆነ በልኩ ሊወስድ ይችላል። በመጨረሻም ሲያስረክብ ምስክር ያቆማል።

ይህች የምስክር ነገር ቀላል አይደለችም። በሻፊዒ መዝሀብ ልጁን ስላበላበትና ስላለበሰበት ወጪ፣ መጠኑ ከልክ እስካላለፈ ድረስ፣ የባለ አደራው ቃል ከመሐላ ጋር ይወሰዳል። “ገንዘቡን አስረክቤዋለሁ” ካለና ልጁ ከካደ ግን ያለ ማስረጃ አይታመንም። በሐነፊ መዝሀብ በዚህም ቃሉ ከመሐላው ጋር ይወሰዳል። ሆኖም በመሐላ ያለቀ ጉዳይ የዘመድን ልብ መልሶ እንደማይገጥም ያየ ያውቀዋል።

“ታዲያ ለእያንዳንዱ እንጀራ ልንጽፍ ነው?” የሚል አይጠፋም። ይህ ጭንቀት ሰሐቦችንም ገጥሟቸዋል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ የየቲምን ገንዘብ የሚመለከቱ አንቀጾች ሲወርዱ ሰዎች የየቲሙን ምግብ ከራሳቸው ለዩ። የተረፈውም ልጁ እስኪበላው ወይም እስኪበላሽ ይቀመጥ ጀመር። ነገሩ ሲከብዳቸው የሱረቱል በቀራህ 220ኛ አንቀጽ ወርዶ ማዕዱን መቀላቀል ተፈቀደ። ማዕድ መቀላቀል ግን ሱቅን ከሱቅ፣ ሒሳብን ከሒሳብ መቀላቀል አይደለም።

ገንዘቡን በሳጥን ቆልፎ ማስቀመጥስ? ማሊክ በሙወጦእ እንደዘገቡት ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የየቲሞች ሀብት በዘካ እንዳያልቅ እንዲነገድበት አዘዋል። በሻፊዒ፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀቦች የልጅ ገንዘብ ኒሷብ ከሞላ ዘካ ይወጣበታል። በየዓመቱ 2.5 በመቶ ሲወጣ ገንዘቡ በ10 ዓመት ውስጥ ከ22 በመቶ በላይ ይጎድላል፤ የኑሮ ውድነቱ ሲጨመርበት አስቡት። ተጠንቅቆ ነግዶ ቢከስር ባለ አደራው አይከፍልም። ለባልንጀራው ካበደረ፣ ለራሱ በርካሽ ከሸጠ ወይም ቸል ካለ ግን ከኪሱ ይተካል። ከየቲሙ ገንዘብ ስጦታ መስጠት፣ ዕዳ መማርም መብቱ አይደለም።

አንድ የሚያሳዝነን ነገር ደግሞ እናት ከጉዳዩ መገፋቷ ነው። አባት በሕይወት ሳለ በኑዛዜ እርሷን የልጆቹ ገንዘብ ባለ አደራ ሊያደርጋት ይችላል። ዑመር (ረ.ዐ) እንኳ የወቅፍ መሬታቸውን ከእርሳቸው በኋላ እንድታስተዳድር አደራ የሰጡት ለልጃቸው ለሐፍሷ (ረ.ዐ) ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992ም ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል ይላል። የልጁን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥም አይቻልም። ባለጉዳዮች ከተስማሙ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሞግዚትነት፣ የውርስና የወቅፍ ጉዳይ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ወደ ጀመርነው ቤተሰብ እንመለስ። ሁለቱ ታናናሾች ገና 18 አልሞላቸውም። ባለፈው ሰሞን አጎት ከዙህር በኋላ መድረሳችን ድረስ መጥተው ሒሳብ የሚጽፍላቸው ሰው ጠየቁ። በሱቁ የቀረውን ዕቃ ከእናትየዋ ጋር ሆነን ቆጠርን፤ በሁለት ደብተር ጽፈን ሦስት ሰዎች ፈረሙበት። አንዱ ደብተር ከአጎት ጋር፣ ሌላው ከእናት ጋር ነው። ስንቆጥር ትልቁ ልጅ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አልገባም፣ ግን አልሄደም።