ፌስታል ወይስ የጨርቅ ከረጢት? የዕቃዎች ሙሉ ሕይወት እንዴት ይመዘናል?

ከገበያ ስንመለስ ለዓመታት በእጃችን ስናንጠለጥለው የኖርነው ስስ ፌስታል ክብደቱ 8 ግራም ገደማ ነው። ጠንከር ያለ የጥጥ ጨርቅ ከረጢት ደግሞ እስከ 180 ግራም ሊመዝን ይችላል። ከሁለቱ አካባቢን ይበልጥ የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ያለ ማመንታት በፌስታሉ ላይ እንፈርዳለን። ይሁን እንጂ ፍርዳችን የተመሠረተው በዕቃው የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ፣ ማለትም ተጥሎ ቦይ ውስጥ ባየነው ላይ ብቻ ነው። ጥጡ ሲለማ፣ ሲዳመጥ፣ ሲፈተል፣ ሲሸመንና ሲጓጓዝ የፈጀው ውኃና ኃይል ከዓይናችን የተሰወረ ነው።

ይህን የተሰወረ ክፍል ጭምር በቁጥር የሚይዘው የጥናት ዘዴ «የሕይወት ዑደት ምዘና» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 የኮካ ኮላ ኩባንያ የመጠጥ መያዣዎችን ለማነጻጸር ያሠራው ጥናት ከዘዴው ፈር ቀዳጆች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ1997 አይ.ኤስ.ኦ 14040 የተሰኘውን ደረጃ አውጥቶ በ2006 አሻሽሎታል። በደረጃው መሠረት ባለሙያው የጥናቱን ዓላማና ወሰን ይወስናል፤ ወደ ምርት ሂደቱ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ተጽዕኖውን ያሰላል፤ ውጤቱን ይተረጉማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ምዝገባው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። የምናነጻጽረው ምንን ከምን ጋር ነው? አንድ ፌስታልን ከአንድ የጨርቅ ከረጢት ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ አንዱ አንድ ቀን፣ ሌላው ዓመታት ያገለግላልና። ስለዚህ የሚነጻጸረው ዕቃው ሳይሆን የሚሰጠው አገልግሎት ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት መለኪያው የአንድ ወር ሸመታን፣ ይኸውም 483 ዕቃዎችን፣ ከመደብር ወደ ቤት ማድረስ ነበር። በአየር ንብረት ለውጥ ረገድ የጥጥ ከረጢቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅመው ከሚጥሉት ፌስታል የተሻለ እንዲሆን ቢያንስ 131 ጊዜ ማገልገል እንዳለበት ጥናቱ አሳየ። የወረቀት ከረጢት ደግሞ 3 ጊዜ ማገልገል ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ፌስታሎቹ ሁሉ ከሸመታ በኋላ ለቆሻሻ መያዣነት ቢያገለግሉ ያ 131 የተባለው ቁጥር ወደ 327 ያድጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፌስታሉ በሌላ የቆሻሻ ከረጢት ምትክ ስለሚሠራ የዚያኛው መመረት ይቀራል፤ የተረፈው ጉዳትም ለፌስታሉ በብድር መልክ ይታሰብለታል። በእኛ አገር ፌስታል ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ተጣጥፎ ከፍራሽ ሥር የሚቀመጥባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። የእንግሊዙን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ለአዲስ አበባ መጠቀም የማይቻለው በዚህ የተነሣ ጭምር ነው።

ቁጥር በጥንቃቄ ካልተነበበ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በዴንማርክ የታተመ ጥናት ያለ ኬሚካል ከለማ ጥጥ የተሠራ ከረጢት 20,000 ጊዜ ማገልገል አለበት ማለቱ በብዙ ጋዜጦች ተስተጋብቷል። ይህ ቁጥር የተገኘው የተለያዩ የተጽዕኖ ዓይነቶች ሁሉ ሲታዩ ነው፤ ከፍ ያደረገውም የኦዞን ንጣፍ መሳሳት ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ብቻውን ሲታይ ቁጥሩ 149 ነበር። ከዚህም ሌላ የተመረጠው ከረጢት ለመለኪያነት ከተወሰነው 22 ሊትር ትንሽ ያንስ ስለነበር በእያንዳንዱ ጉዞ ሁለት ከረጢት ተብሎ ተሰልቷል። በጥቂት ሊትር ጉድለት ጉዳቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው!

የመረጃው ምንጭም ውጤቱን ይለውጠዋል። ኤሌክትሪክን ብቻ እንመልከት። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከድንጋይ ከሰል 820፣ ከውኃ ኃይል ደግሞ 24 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ጋዝ እንደሚለቀቅ በመካከለኛ ግምት አስቀምጧል። ለምሳሌ አንድ ከረጢት ለመፍተልና ለመሸመን 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ብለን እናስብ። ፋብሪካው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ከሆነ 1,640 ግራም፣ በውኃ ኃይል ከሆነ 48 ግራም ብቻ ይሆናል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚገኝ ነው። በመሆኑም በውጭ አገር ፋብሪካዎች ላይ የተሰበሰበን መረጃ ከመረጃ ቋት አውጥቶ ለአገር ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጠቀም ውጤቱን ከሥሩ ሊያዛባው ይችላል። ትክክለኛው መረጃ የሚገኘው ከፋብሪካው ቆጣሪ፣ ከእርሻው የማዳበሪያና የመስኖ መዝገብ፣ ከጭነት መኪናው የነዳጅ ደረሰኝ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ከኮምፒዩተር ይልቅ ጫማ ይጨርሳል።

እንግዲህ ፌስታልን መከልከል ስሕተት ነውን? አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ክልከላውን ወደ ፌስታል አጠቃቀም አስፍቶታል። ቦይ የሚደፍነው፣ በከብት ሆድ ውስጥ የሚቀረው ፌስታል ከላይ ባየናቸው ስሌቶች ውስጥ አልገባም፤ የተለመደው የምዘና ዘዴ ሜዳ ላይ የተበተነ ፕላስቲክን የሚመዝንበት የዳበረ መለኪያ የለውምና። ክልከላው የአየር ንብረት ስሌትን ሳይጠብቅ በዚህ ብቻ ሊቆም ይችላል።

ምዘናው የሚያስፈልገን በፌስታሉ ቦታ የሚተካውን ለመምረጥ ነው። አሁን በየሱቁ የምናየው ጨርቅ መሳይ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ የሚሠራ ነው። በእንግሊዙ ጥናት የዚህ ዓይነቱ ከረጢት ፌስታልን ለመብለጥ 11 ጊዜ ማገልገል ነበረበት። እጀታው በአምስተኛው ጉዞ ከተበጠሰ ግን ስሌቱም አብሮ ይበጠሳል።