ኢንፍራሬድ ካሜራ ከሰማይ የሚያየውና የማያየው

አጣዬን ጨምሮ በይፋት ቆላማ አካባቢዎች የማሽላ፣ የጤፍና የማሾ ምርት በአመዛኙ በዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው። ዝናብ ሲዘገይ በሰብል ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ቀድሞ ለመለየት ከሚያገለግሉ ቴክኖሎጂዎች አንዱ በመከላከያና በኤሮስፔስ ዘርፍ የዳበረው የኢንፍራሬድ ካሜራ ነው። ይህ ማብራሪያ የቴክኖሎጂውን አሠራር፣ ጥቅሙንና ውስንነቱን ይገልጻል።

ኢንፍራሬድ ምንድን ነው?

ኢንፍራሬድ ወይም ታህተ ቀይ ጨረር ከቀይ ብርሃን ባሻገር የሚገኝ፣ በዓይን የማይታይ ጨረር ነው። በ1800 እ.ኤ.አ. የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊሊያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ ሙቀቱን ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ቀጥሎ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ሙቀት በማግኘቱ ታወቀ።

ሴንሰሮቹ በሁለት መንገድ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ከአካላት የሚመነጨውን ሙቀት ይለካል። በሌሊት ሰውንና ተሽከርካሪን የሚለዩ ወታደራዊ ካሜራዎች፣ የአውሮፕላን ሞተርን ሙቀት ተከትለው የሚሄዱ ሚሳኤሎች እንዲሁም በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞችን ሙቀት የለኩ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከፀሐይ መጥቶ ከምድር የሚንጸባረቀውን ኢንፍራሬድ ይለካል። ጤናማ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ውጦ ኢንፍራሬድን በብዛት ያንጸባርቃል፤ የተጎዳ ቅጠል ግን የሚያንጸባርቀው ይቀንሳል። ከሁለቱ ንጽጽር የዕፅዋት የልምላሜ መጠን ይሰላል።

ለዜጎች ያለው ፋይዳ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አምጥቃለች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ሳተላይት የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋ በእንጦጦ ይገኛል። በዘርፉ የሚሠራው ተቋም በአሁኑ ወቅት የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው።

የልምላሜ መረጃ በሕይወት ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። በቦረና በ2004 ዓ.ም. በተጀመረው የእንስሳት መድን የካሳ ክፍያ የሚወሰነው የሞቱ ከብቶች ተቆጥረው ሳይሆን፣ ሳተላይት በለካው የግጦሽ ልምላሜ መቀነስ ነው።

ሊታወቁ የሚገባቸው ውስንነቶች

አንደኛ፣ ኢንፍራሬድ ካሜራ ደመናን አልፎ ምድርን አያይም። በመሆኑም መረጃው እጅግ በሚፈለግበት በክረምት ወራት ክፍተት ሊፈጠር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሳተላይት እያንዳንዱን ማሳ ለይቶ ላያሳይ ይችላል። ለልምላሜ ክትትል በስፋት የሚያገለግሉ ምስሎች አንዱ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር፣ ማለትም ከ6 ሄክታር በላይ ይሸፍናል። በአራት ጥማድ አንድ ሄክታር ስሌት ይህ የ25 ጥማድ መሬት አማካይ ነው። በመስኖ በለሙ ማሳዎች መካከል የሚገኝ የአንድ አርሶ አደር ማሽላ ቢደርቅ፣ ምስሉ አካባቢውን ለምለም አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች እስከ 10 ሜትር ድረስ ለይተው ቢያሳዩም የደመናው ችግር በእነርሱም ላይ አለ።

ሦስተኛ፣ የሙቀት ካሜራ ግድግዳን አልፎ የቤት ውስጥን አያሳይም፤ የተለመደውን የመስኮት መስታወት እንኳ አያልፍም። የሚያየው የግድግዳውን ወይም የመስታወቱን የውጭ ገጽ ሙቀት ብቻ ነው።

ከዜጎች የሚጠበቅ

በማሳው ላይ የድርቅ፣ የተባይ ወይም የበሽታ ምልክት ያየ አርሶ አደር «ሳተላይቱ ያየዋል» ብሎ ሳይጠብቅ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ፈጥኖ ማሳወቅ ይኖርበታል። ሲያሳውቅም ጉዳቱ የታየበትን ቀን፣ የሰብሉን ዓይነትና የተጎዳውን የመሬት ስፋት ቢገልጽ መረጃውን ከሳተላይት ምስል ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

የሙቀት ካሜራ የተገጠመለትም ሆነ ያልተገጠመለት ድሮን ወደ አገር ለማስገባትና ለመጠቀም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ለእርሻ ሥራ ድሮን ለመጠቀም ያሰቡ ማኅበራትና ባለሀብቶች መሣሪያውን ከመግዛታቸው በፊት ፈቃዱን ቢጠይቁ ከመጉላላትና ከኪሳራ ይድናሉ።

ሳተላይት ሰፊውን አካባቢ በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ የአንዱን ማሳ ጉዳት በወቅቱ የሚያስታውቀው ግን ባለቤቱ ነው።