ስለ ማላይ ጩቤ ዋጋ

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1948 እስከ 1960 ዓ.ም. በማላያ ከዘመቱት የእንግሊዝ ወታደሮች ክሪስ የተባለውን ጩቤ ይዘው የተመለሱ ነበሩ። ዛሬ ወራሾቻቸው ዋጋውን ሲጠይቁ የሚያሳዩት አፎቱንና እጀታውን ነው፤ ዐዋቂ ግን አስቀድሞ ስለቱን ይመረምራል። ክሪስ ቀጥ ያለም ጠመዝማዛም ይሆናል፤ የጥምዝምዙም ቍጥር በልማድ ጎዶሎ ነው። በብዙዎቹ ዘንድ ብረቱ ኒኬል ካለበት ብረት ጋራ ተደራርቦ የተቀጠቀጠ ስለ ሆነ፥ በሎሚ ውሃና አርሰኒክ በሚባለው መርዝ ሲታጠብ በጥቍሩ መደብ ላይ ነጣ ያለ ሐረግ ይወጣል፤ ስሙም ፓሞር ይባላል።

ጥፋቱም የሚደርሰው በዚህ ላይ ነው። ወራሹ ጥቍረቱ ዝገት መስሎት በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፤ ስለቱ ያብለጨልጫል፥ ሐረጉ ግን ይጠፋል፥ ዋጋውም ይወርዳል። እርግጥ ብልህ ባለሙያ ዳግመኛ አጥቦ ሐረጉን ሊያወጣው ይችላል፤ ተፈግፍጎ ያለቀው ብረት ግን አይመለስም።